ቤቱን የለቀቀ ከብድሩ አልተለቀቀም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባልና ሚስት ሲለያዩ አንደኛው ወገን የቤቱን ድርሻ ለሌላው ትቶ ሲወጣ ስለ ንብረት ክፍፍሉ ብዙ ይመከራል፤ ቤቱ የተገዛበት የባንክ ብድር በማን ላይ እንደሚቀር ግን አጥርቶ የሚነግረው ሰው እምብዛም አያገኝም። በብድር ክፍል ለረጅም ዓመታት ስለሠራሁና የዚህን ጣጣ ደጋግሜ ስላየሁት ጥቂት እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

አንዲት ሴት አነስተኛ ብድር ልትጠይቅ ወደ እኔ መጥታ ነበር። መዝገቡን ስመለከት የ3 ወር ክፍያ የተቋረጠበት የቤት ብድር በስሟ ተመዝግቦ አገኘሁ። ይህንን ስነግራት አልተቆጣችም። ከቦርሳዋ በላስቲክ የተሸፈነ የፍቺ ስምምነት አወጣችና ቤቱ ለቀድሞ ባለቤቷ መለቀቁን፣ ዕዳውንም እርሱ ብቻውን እንደሚከፍል የሚገልጸውን አንቀጽ በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ። ፊርማውም ማኅተሙም የተሟላ ነበር፤ ያልነበረበት የባንኩ ፊርማ ብቻ ነው።

ነገሩ የሚምታታው ሁለት የተለያዩ ሰነዶች በአንድ ቤት ላይ ስለሚገናኙ ነው። ስመ ሀብቱ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ይናገራል፤ የብድር ውሉ ደግሞ ገንዘቡን ማን እንደሚከፍል። የመጀመሪያውን ለትዳር ጓደኛ ማዛወር ሁለተኛውን አይነካም። የፍቺ ስምምነቱ፣ ፍርድ ቤት ያጸደቀው እንኳ ቢሆን፣ በሁለቱ መካከል የሚሠራ እንጂ ተካፋይ ያልነበረውን አበዳሪ የሚያስገድድ አይደለም። ተበዳሪዎቹ በአንድነትና በተናጠል ኃላፊ ሆነው ፈርመው ከሆነ፣ ባንኩ ሙሉውን ዕዳ ከፈለገው ከአንዳቸው መጠየቅ ይችላል፤ «የእኔ ድርሻ ግማሹ ነው» የሚለው መልስም አያዋጣም። የከፈለው ወገን ስምምነቱን ይዞ የቀድሞ የትዳር ጓደኛውን መክሰስ ይችላል፤ ይህ መብት ዋጋ የሚኖረው ግን ተከሳሹ የሚከፍለው ነገር ሲኖረው ነው።

«ብዙ ዓመት ስለከፈልን የቀረው ጥቂት ነው» የሚሉም አሉ። በ12 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት የተወሰደ፣ በየወሩ እኩል የሚከፈል ብድር 5 ዓመት ሙሉ ሳይጓደል ከተከፈለ በኋላ ከዋናው ገንዘብ ገና 92 በመቶ ያህሉ አልተነካም፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ክፍያ አብዛኛውን የሚወስደው ወለድ ነውና። ቤቱ በሐራጅ ተሸጦ ዋጋው ዕዳውን ካልሸፈነ፣ እንደ ውሉና እንደ አገሩ ሕግ ቀሪው ከቤቱ የወጣውንም ሰው ሊከተል ይችላል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ቤቱ መያዣ እንዲሆን ብቻ የፈቀደ፣ በብድር ውሉ ላይ ግን እንደ ተበዳሪም ሆነ እንደ ዋስ ያልፈረመ የትዳር ጓደኛ በውሉ መሠረት በግሉ ባለዕዳ አይሆንም፤ ሕጉ የትዳርን ዕዳ የጋራ የሚያደርግበት ቦታ ግን አለ። ስለዚህ አስቀድሞ የሚታየው በየትኛው ወረቀት ላይ ምን ተብሎ እንደተፈረመ ነው።

ከብድሩ በእርግጥ ለመውጣት ባንኩ በጽሑፍ ነፃ ሊያወጣ፣ ወይም ቤቱን የሚይዘው ሰው በስሙ ብቻ አዲስ ብድር ወስዶ የቀድሞውን ሊዘጋ፣ ካልሆነም ቤቱ ተሸጦ ዕዳው ሊከፈል ይገባል። ባንኩ ብዙ ጊዜ እሺ የማይለው በክፋት አይደለም፤ በሁለት ሰው ደመወዝ ተመዝኖ የተሰጠን ብድር አንድ ደመወዝ ላይችለው ይችላል። የባንክ ሠራተኞችን የምወቅሰው ግን በሌላ ነገር ነው፦ ደንበኛው ለስም ዝውውሩ የባንኩን ፈቃድ ሊጠይቅ ሲመጣ «የብድር ውሉ ላይ ስምዎ እንዳለ ይቀጥላል» ብሎ መንገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔም በሥራ ዘመኔ ያልተናገርኩባቸው ቀናት ነበሩ።

የፍቺ ስምምነት የሚያረቅቁ ጠበቆችም ባንኩ ነፃ ያወጣበት ደብዳቤ ሳይያያዝ የስመ ሀብት ዝውውሩ እንዳይፈረም የሚያደርግ አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ፣ ደብዳቤው የማይገኝ ከሆነም ክፍያ ሲዘገይ ማስጠንቀቂያው ለሁለቱም አድራሻ እንዲላክ ባንኩን በጽሑፍ ቢጠይቁ መልካም ነው። ያቺ ሴት የ3 ወሩን መቋረጥ የሰማችው ከእኔ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የባንክ ብድር ሠራተኛ