በሁለት ቀጠሮ መሀል የሚደውል ሰው

ደም ግፊት ያለበት ሰው ምክር አጥቶ አያውቅም። ጨው ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ፣ ሲጋራውን ተው፣ መድኃኒትህን በሰዓቱ ውሰድ ይባላል። እሺ ብሎ ይወጣል። ቀጣዩ ቀጠሮ ከወራት በኋላ ነው። ነገር የሚበላሸው እዚያ መሀል ላይ ነው።

ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ቁጥሩ ትንሽ ሲወርድ ሰው "ድኛለሁ" ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል። ለምን አቆምክ የሚለው የለም።

በመዋጮ የምናካሂደው የጋራ ሥራችን ለዚህ ነው። ለልብ ሕመም የተጋለጡ ሰዎች ቤታቸው ሆነው ግፊታቸውን ይለካሉ፣ ቁጥሩን በስልክ ይልካሉ፣ ነርስ በየሳምንቱ ትደውልላቸዋለች። ስብከት የለም። "መራመዱ ለምን ቀረ? ለሚቀጥለው ሳምንት የትኛዋን እንያዝ?" ትላለች። አንዲት ነገር ብቻ። በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ሲባል የሚደነግጥ ሰው፣ ለዛሬ 10 ደቂቃ ሲባል ጫማውን ያስራል።

አለካኩንም አብረው ይለማመዳሉ። 5 ደቂቃ አረፍ ማለት፣ ጀርባን መደገፍ፣ እግር አለማነባበር፣ ክንድን በልብ ትክክል ማሳረፍ። እያወሩ መለካት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

ነርሷ መድኃኒት አትቀይርም። ግፊቱ በተደጋጋሚ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ሐኪሙ ትመልሰዋለች። ደረቱን ጨምድዶ የያዘው ሰው ግን የእሷን ስልክ አይጠብቅም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

የምታዋጡት ገንዘብ የሚውለው ለመለኪያ፣ ለስልክ ወጪና ለነርሷ ደመወዝ ነው። እውነቱን ለመናገር ከባዱ ደመወዙ ነው። መሣሪያ መስጠት ደስ ይላል፣ ፎቶም ይነሳል። ለደመወዝ የሚያዋጣ ግን ጥቂት ነው። የሚደውል ሰው ከሌለ ደግሞ መለኪያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ከምትሰጡን በየወሩ ትንሽ ብትሰጡን ይሻለናል።

መሣሪያ ካላችሁም እንቀበላለን። በእጅ አንጓ ሳይሆን በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰር ይሁን። ሰፋ ያለ ማሰሪያ ቢኖረው ደግሞ እሰየው፤ ጠባብ ማሰሪያ ወፍራም ክንድ ላይ ቁጥሩን ያለ አግባብ ያስጨምራል።

በየወሩ የምትችሉትን መጠን ለሥራው አስተባባሪዎች ንገሩ። ማቋረጥ ቢኖርባችሁ ቅር አንሰኝም፤ ብቻ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ አሳውቁን፣ ነርሷን ባዶ እጇን እንዳናስቀራት።