ጋሼን አልቆፍረውም

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሚሚዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን። በስልክ የጠየቅሽኝን ነገር በስልክ ለመመለስ አፌ እሺ ስላላለኝ ወረቀት አነሣሁ። ፊደሉን ቅዳሜ ቅዳሜ እየተነጫነጭሽ የተማርሽው ለእንደዚህ ያለው ቀን ነውና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

«አባዬ፣ ሁለት ወር አለፈው እኮ፤ ትንሽ ቆፍረህ እየው» አልሽኝ። አላደርገውም። ትልቁ ሸርጣናችን ጋሼ አሸዋ ውስጥ የገባው በመስቀል ማግስት ነው፤ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ዛሬ ስድሳ አምስተኛ ቀኑ ነው። የእሱን ያህል የገዘፈ ሸርጣን ቅርፊቱን ሊለውጥ ሲገባ ሁለትና ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። እትዬና ሚጥሚጣ ትንንሾች ስለሆኑ በአምስት በስድስት ሳምንት ብቅ ይላሉ፤ አንቺ በእነሱ ለክተሽው ነው የተጨነቅሽው።

እታች ያለውን ሥራ አስቢው። ሸርጣኑ ያድጋል፣ ቅርፊቱ ግን አያድግም። ስለዚህ ውኃና ስብ አጠራቅሞ ይወርድና በጨለማው ውስጥ የራሱን ክፍል ይሠራል፤ አሮጌውን ቅርፊት እስከ ዓይኑና እስከ እግሩ ጫፍ ገፍፎ ይጥላል። ከዚያ በኋላ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ነው፤ መቆም እንኳን አይችልም። የተገፈፈውን ቅርፊት መልሶ እየበላ በካልሲየሙ አዲሱን ያጠነክራል። በዚህ መሐል ክፍሉን ያፈረሰበት ሰው ገደለው ማለት ነው።

አሁን ወደማልወደው ወሬ ልግባ። የመጀመሪያው ሸርጣንሽን ታስታውሻለሽ? በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ አንቺ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላሽ፣ ድልድዩን ተሻግረን ኦሽን ሲቲ ባሕር ዳርቻ የሄድን ጊዜ የተገዛው። ቤቱን ለገዛ ሸርጣኑ በነጻ ነበር። ለቤት የሚሸከመው ባዶ የቀንድ አውጣ ዛጎል ቢጫ ተቀብቶ ፈገግታ ተስሎበታል። ቤት የተባለው የሽቦ ፍርግርግ ሲሆን ከሥሩ አንድ እፍኝ ጠጠርና አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ነበረው። ሻጩ ወጣት ስፖንጁን ካራስንለት ሌላ ምንም እንደማይፈልግ ነገረን። እኔም ደስ አለኝ፤ ምንም የማይፈልግ እንስሳ ከየት ይገኛል!

ሽቦ እርጥበት አይዝም። ይህ ፍጥረት ደግሞ የሚተነፍሰው በስንጥብ ነው፤ ውኃ ውስጥ እንደሚኖረው ዓሣ ሳይሆን ከእርጥብ አየር። አየሩ ሲደርቅበት ቀስ በቀስ ይታፈናል። ሳምንታት ስለሚፈጅበት ሰው ዕድሜው አጭር ነው ብሎ ያልፈዋል እንጂ በሰው እጅ ከ30 ዓመት በላይ የኖሩ አሉ። ቀለሙም ሌላ ጣጣ ነው፤ እየተላላጠ ይበሉታል።

መስከረም ላይ ለምነሽኝ በፕላስቲክ ሣጥን አሸዋ ሞልተን አስገባነው። በሁለተኛው ቀን ጠለቀ። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። አንድ ቀን አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ በሾርባ ማንኪያ ቆፈርኩት። የገረጣ፣ የማይንቀሳቀስ ነገር አገኘሁ፤ አጠገቡ ባዶ እግሮች ተበታትነዋል። ሞቶ ፈራርሷል አልኩና በጋዜጣ ጠቅልዬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ለአንቺ «ሞቶ አገኘሁት» አልኩሽ።

የሞተ ሸርጣን እንደ በሰበሰ ዓሣ ይሸታል። ያ አልሸተተም። ይህንን ያወቅሁት እነ ጋሼን የሰለቻቸው ሰዎች ለእኛ ሲሰጡን፣ ስለ አያያዛቸው ማንበብ ስጀምር ነው። ገጹ ላይ የተሳለው ሥዕል እኔ ማንኪያዬ ላይ ያየሁት ነበር፤ የገረጣው እሱ፣ ባዶዎቹ እግሮች ደግሞ ያወለቀው ልብሱ። እናትሽ ታውቃለች። አንቺ ያኔ ለቅሶሽን ጨርሰሽ ስለነበር መልሼ አላነሣሁትም፤ ይህ ሰበብ መሆኑም አይጠፋኝም።

ስለዚህ «አባዬ ደብተር ይዞ ሸርጣን ይጠብቃል» እያልሽ ለጓደኞችሽ ስትስቂብኝ አልቀየምም። ዛሬ ጠዋት እርጥበቱ 81 በመቶ፣ ሙቀቱ 26 ዲግሪ ነበር። እርጥበቱ ከ75 እንዳይወርድ የመስታወቱን ክዳን አላነሣም። ማሞቂያውን ከሥር አድርገው የሚለውን የጎረቤታችንን ምክር አልተቀበልኩም፤ እታች የተኛውን መጥበስ ይሆናል። ከኋላ፣ ከአሸዋው በላይ እንደተለጠፈ ነው። አሸዋው አምስት እጅ ሲሆን አንድ እጅ የኮኮናት ብናኝ ተቀላቅሎበታል፤ በእጅሽ ስትጨብጪው ቅርጹን ይዞ እንዲቀር ያህል የረጠበ። ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። ያኔ በፕላስቲኩ ሣጥን ውስጥ ይህን ሁሉ ሳናውቅ በዕድል ቀርበነው ነበር።

ውኃውን ሌሊት ክፍት አሳድሬ እሰጥ የነበረው ትዝ ይለኛል። በእኛ አካባቢ ቧንቧ ውስጥ ያለው የውኃ ማጽጃ ኬሚካል ክሎራሚን ስለሆነ ቢያድርም አይጠፋም፤ አሁን ማጥፊያውን ጠብታ እጨምራለሁ። ሁለቱም የውኃ ሳህኖች ሸርጣኑን የሚያጠልቁ ናቸው፤ አንዱ ጨው የሌለበት፣ አንዱ ጨዋማ። እናትሽ አንድ ቀን የወጥ ጨው ልትጨምር ስትል እጇን ያዝኩ፤ ለባሕር ዓሣ የሚሸጠው ጨው ነው የሚሆነው። ከሱቅ የሚመጣውን ደረቅ ምግብም ትቻለሁ፤ ጥቅሉ ላይ የመዳብ ሰልፌት የሚል አየሁ፣ መዳብ ደግሞ ለእነሱ መርዝ ነው። ያለ ጨው የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ እሰጣለሁ። ሚጥሚጣ ፓፓያ ካየች ሌላውን ዞራም አታይ።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት እትዬ ዛጎሏን ትታ ከገዛሁላቸው ክብ አፍ ዛጎሎች አንዱ ውስጥ ገባች። ጧት ስነሣ ሚጥሚጣ የእትዬን አሮጌ ቤት ለብሳለች፤ የእሷ ባዶውን ወድቋል። በባሕሩ ዳር ከትልቅ ወደ ትንሽ ተሰልፈው እንዲህ ይቀያየራሉ። ፈረንጆቹ «ባሕታዊ ሸርጣን» ያሏቸው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ባሕታዊ ብቻውን ይኖራል፤ እነዚህ ተደራርበው ነው የሚተኙት።

የእነዚህን ዘመዶች መጀመሪያ ያየሁት በ1979 ዓ.ም. ነው፤ አሰብ ወደብ ላይ ዕቃ ቆጣሪ ሳለሁ። ቀን ከሙቀቱ ሸሽተው አሸዋ ውስጥ ይደበቃሉ። ሌሊት ባትሪ ይዘሽ ወደ ዳርቻው ብትወርጂ መሬቱ ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ጧት ደግሞ ዱካቸው አሸዋውን ሹሩባ ሠርቶት ታገኚዋለሽ። ያኔ አንዱንም ይዤ ወደ ክፍሌ ልውሰድ የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም።

በትምህርት ቤት ድርሰትሽ «እንደ ወላጆቼ ስደተኞች ናቸው» ብለሽ ጽፈሽ ነበር። አስተማሪሽ ወደደችው፤ እኔ አልወደድኩትም፣ ዝም አልኩ እንጂ። ስደተኛ ይብዛም ይነስም አስቦ ይነሣል። እነዚህን ከካሪቢያን ዳርቻ ለቅመው ነው ያመጧቸው። እጮቻቸው ባሕር ውስጥ ስለሚያድጉ በሰው ቤት መራባት እጅግ ይከብዳቸዋል፤ ሱቅ የምታያቸው ሁሉ ማለት ይቻላል ከዱር የተያዙ ናቸው። ሌላ እንግዛ ስትዪኝ እምቢ የምለው ለዚህ ነው። ሰው ሰልችቶት የሚሰጠው ካለ ግን ሣጥኑ ለአንድ ቦታ አያጣም።

ጋሼ በገባበት በኩል አሸዋው ላይ ሁለት ትልልቅ ዛጎሎች አስቀምጫለሁ፤ ሲወጣ ቤቱ ሊጠበው ይችላል። በየማታው አፍንጫዬን ወደ አሸዋው አስጠግቼ አሸታለሁ። እስከ ትናንት ማታ የሸተተኝ እርጥብ መሬት ብቻ ነው።

ለፈረንጅ ገና ስትመጪ የባሕር ጨው ይዘሽልኝ ነይ፤ አንድ ሳምንት የሚያደርሰኝ ብቻ ቀርቶኛል። ያቺ የሽቦ ፍርግርግ እስከ ዛሬ ምድር ቤት ውስጥ ናት፤ ምን እንደምናደርጋት አንቺ ትወስኛለሽ።

አባትሽ