የሙከራ መዝገብ ይከበር

ክቡር አዘጋጅ፣

ጅማ መልኮ በሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል የቡና ምርምር ለመጀመር የሚያስቡ ወጣቶች አንድ ነገር ይወቁ። ቡና ከተተከለ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። አንድ ዓመት አብዝቶ ያፈራ ዛፍ በቀጣዩ ስለሚቀንስ፣ በአንድ ዓመት ምርት ብቻ ዝርያ አይመዘንም። ስለዚህ ጀማሪው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው የተከለውን ሙከራ ይረከባል። 74110 የተባለው ዝርያ ስሙ ራሱ መዝገብ ነው፤ 74 እ.ኤ.አ. በ1974 መመረጡን ያሳያል።

ርክክቡ የሚበላሸው በየዛፉ ላይ በሚታሰረው መለያ ነው። የስክሪፕቶ ጽሑፍ በጅማ ዝናብ ይታጠባል፤ በአሉሚኒየም ቆርቆሮ ላይ በምስማር ይጻፍ። ሽቦው ላላ ብሎ ይታሰር፣ ግንዱ ሲወፍር ያንቀዋልና። የመስክ ደብተሩ በእርሳስ ይሞላ፣ በዚያው ቀን ወደ ኮምፒውተር ይገልበጥ። የሞተ ዛፍ ባዶ ቦታ እንጂ ዜሮ አይጻፍበት፤ ዜሮው አማካዩን ያዛባል። የተመራማሪዎች የደረጃ ዕድገት ምዘና የታተመ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ንጹሕ ርክክብንም ቢቆጥር እንዴት መልካም ነበር!

ከጅማ፣ አንድ አንባቢ