መቃኛህን ይዘህ ድረስልኝ

ወንድሜ፣ እንደምን ባጀህ? ልጆቹስ? ዝምታዬን ይቅር በለኝ፤ ሰበብ አልደረድርም፣ ስንገናኝ በደንብ ትቆጣኛለህ። አሁን ጨንቆኝ ነው የምጽፍልህ።

ለጥቅምት ባሕር ዳር ላይ የባኽን ጎልድበርግ የተባለ ሥራ በፒያኖ ልጫወት ነው። አዎ፣ ያንኑ! «ኧረ በቃሽ፣ ራሴን አዞርሽው» እያልክ ከልምምድ ክፍል የምታስወጣኝን። መነሻ ዜማውን፣ ከእሱ እየተለዋወጡ የሚወጡትን 30 ቁርጥራጮች፣ ቫሪዬሽኖቹን፣ መጨረሻ ላይ የሚመለሰውንም ዜማ፣ አንድ ሳልቆርጥ።

ፒያኖው ግን ክረምቱን ሐይቁ ዳር በተዘጋ አዳራሽ ከርሞ እንጨቱ ርጥበት ጠጥቷል። መካከል ያሉት ድምፆች ወደ ላይ ሸሽተዋል፤ አንድ ቁልፍ ስነካ ሦስቱ ክሮች በየፊናቸው ይጮኻሉ። ሌላ ሙዚቃ ቢሆን ፔዳል ረግጬ አልፈው ነበር። ባኽ ላይ የት ይደበቃል? ይባስ ብሎ የመካከለኛዋ ሶል ከወረደች በኋላ አልነሣ አለች፤ ሥራው ደግሞ መነሻውም መድረሻውም ሶል ነው። ታውቀው የለ፣ በ1741 ሲታተም ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ለሆነ ሐርፕሲኮርድ፣ ለዚያ ከፒያኖ በፊት ለነበረው መሣሪያ፣ የተጻፈ ነው። እኔ በአንድ ረድፍ ስጫወተው 8ኛው ቫሪዬሽን ላይ እጆቼ ይነባበራሉ፤ ቀኝ የለቀቀውን ቁልፍ ግራ ወዲያው ይፈልገዋል። ቁልፉ ካልተመለሰ ጣቴ የሚያርፈው ባዶ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህማ። ደብረ ማርቆስ ሳለሁ 3ኛውን ቫሪዬሽን በኪቦርድ ስለማመድ አጎቴ መሪጌታ ገብቶ ተቀመጠ። መቋሚያውን አገጩ ሥር አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ስጨርስ «ይኼኛው ይመራል፣ ያኛው ይቀበላል፤ ግን መሪው ሳይጨርስለት ነው የሚነሣው» አለኝ። ካነን መሆኑን፣ አንዱ ድምፅ የሌላውን ዜማ እየተከተለ እንደሚደግም፣ ማንም ሳይነግረው! እኛ ስንት ወር የፈጀንበትን! ያን ቀን ነው ይህን ሙዚቃ አገሬ ላይ ካልተጫወትኩ ብዬ የቆረጥኩት። እሱም ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥልኛል።

እና... እንዴት ልበልህ፣ አዘጋጆቹ ለመቃኛ የያዙት ገንዘብ የለም። ከራሴ እከፍልሃለሁ፤ ብቻ ዋጋህን ሳታፍር ንገረኝ፣ እኔም ሳላፍር እሰማሃለሁ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ አንተ ካልመጣህ ልሰርዘው ነው። ሌላ ሰው እጁን እንዲያገባበት አልፈልግም፤ ጆሮህን አውቀዋለሁ።

መቃኛህንና ክሮቹን የምታፍንበትን ፌልት ጨርቅ ያዝ። ማደሪያ እህቴ ቤት ነው፤ ዶሮ አስመስለህ ስለሠራሃት ሽሮ እስካሁን ታወራለች፣ ተዘጋጅ። እሺ ካልክ በቴሌግራም ጻፍልኝ፤ አይሆንም ከሆነ ግን ደውለህ ንገረኝ።