«ኮድ 2፣ ቢ ሰሌዳ፣ ያልተገጨ»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በማስታወቂያ ገጻችሁ የሚወጡ የቤት መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይላሉ። ኮድ 2፣ ሰሌዳው ቢ፣ ያልተገጨ፣ ነዳጅ ቆጣቢ፣ ደላላ እንዳይደውል። ገዢውም ዋጋ የሚጨምረው ለእነዚሁ ቃላት ነው። የሰሌዳው ፊደል ግን መኪናው እዚህ አገር መቼ እንደተመዘገበ እንጂ መቼ እንደተሠራ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2001 የተሠራ ቶዮታ ቪትዝ ዘግይቶ ስለገባ ብቻ ቢ ሰሌዳ ይዞ፣ ቀድሞ ከገባው የዕድሜ እኩያው በብዙ ብር ልቆ ይሸጣል።

የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አቅሙ መካከለኛ የሆነ ሰው የሚገዛው እዚሁ ያለውን፣ በየዓመቱ አንድ ዓመት የሚያረጀውን መኪና ነው። ሲገዛ ምን ማየት እንዳለበት በዝርዝር ብንጽፍ ለአንባቢዎቻችሁ ይጠቅማል ብለናል።

ከሁሉ በፊት የመሪው ጉዳይ ይታይ። ከጃፓን የመጣ ቪትዝ ሲሠራ መሪው በቀኝ ነበር፤ እዚህ የሚነዳው ወደ ግራ ዞሮ ነው። ከአውሮፓ የመጣው መንትያው ያሪስ ግን ሲፈጠርም መሪው በግራ ነው። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ የፍጥነትና የነዳጅ ሰዓቶቹ መሃል ላይ ስለሆኑ መሪው መዞሩን ዳሽቦርዱ ብዙም አያጋልጥም። ኮፈኑን ክፈቱና የፍሬን ማስተሩ (የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) የት እንደተቀመጠ እዩ። ፔዳሉ በግራ ሆኖ ማስተሩ በቀኝ ከቀረ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ዘንግ በስፋት ተዘርግቷል ማለት ነው፤ ዘንጉ ሲታጠፍ ወይም ብየዳው ሲላላ ፍሬኑ ይለሰልሳል። ከሞተሩ ጀርባ ባለው ላሜራ ላይ የተደፈነ ቀዳዳ ወይም አዲስ ብየዳ ካለ በባትሪ መብራት ፈልጉ። መሸት ሲል ደግሞ መኪናውን ከግድግዳ አራት ሜትር ያህል አርቃችሁ አጭሩን መብራት አብሩት። ብርሃኑ ወደ ላይ የሚሰበረው በቀኝ በኩል መሆን አለበት። በግራ ከተሰበረ መብራቱ ለጃፓን መንገድ የተሠራ ነው፤ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።

በዚያው ቁልፉን ሞተር ሳታስነሱ አንድ ደረጃ አዙሩት። የኤርባግና የቼክ ኢንጅን መብራቶች መብራት አለባቸው። የኤርባጉ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይጠፋል፤ የቼክ ኢንጅኑ ሞተር ሲነሳ ይጠፋል። ጭራሹን ያልበራ መብራት አምፖሉ ተነቅሏል፤ «ምንም ችግር አያሳይም» የሚለው ሻጭ እውነቱን ነው፣ የሚያሳየው ነገር የለማ!

ሞተሩን በቀዝቃዛው እዩት። ከደረሳችሁ በኋላ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፣ በሌላ ቀን ጠዋት ተመለሱ። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ብቻ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ቀይ ወይም አረንጓዴ ኩላንት ጥሩ ነው። ቡናማ ውሃ ከሆነ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል፣ ውስጡ ዝጓል። ዘይት የሚመስል ነገር ከተንሳፈፈ ወይም ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሳ አረፋው ካላቋረጠ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) አልቋል፤ ዋጋ አትከራከሩ፣ ሂዱ።

ይህን ጉዳይ የምናጠብቀው በከተማችን ከፍታ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ምንም አይዝም። ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) የሚነሳው ከ90 ዲግሪ ካለፈ በኋላ በመሆኑ፣ ክዳኑ የማይዝ መኪና ቬንትሌተሩ ገና ሥራ ሲጀምር ውሃው መፍላት ይጀምራል። እንዲህ በርካሽ ክዳን የጀመረ ነገር በተጣመመ ቴስታታ ያልቃል። የሚሞቅ መኪና ይዞ የሚሄድ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው «መፍትሔ» ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚያግደውን ክፍል) ማስወጣት ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ለመሞቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል። ብዙ ቪትዝ ላይ የሙቀት ቀስት የለም፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ብቻ ነው ያለው። ሰማያዊው ከ15 ደቂቃ ጉዞ በኋላም ካልጠፋ ቴርሞስታቱን ጠርጥሩ። ከዚያ ወደ እንጦጦ አቀበት ይዛችሁት ውጡ፤ ስትመለሱ ሳታጠፉ ቬንትሌተሩ ሲነሳና ሲቆም ጠብቁ።

የጭሱን ቀለም ብዙ ሰው ያውቃል፣ ሰዓቱን ግን አያይም። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ጎሚኒ ነው፣ ይታገሡታል። ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ወርዳችሁ ነዳጅ ስትሰጡት ብልጭ የሚለውም ብዙ ጊዜ እሱው ነው። ሞተሩ ሞቆ አቀበት ሲወጣ ሳያቋርጥ የሚወጣው ሰማያዊ ግን በብዛት የፒስተን ፋሻ ነው፤ ሞተር ማውረድ ይጠይቃል። በጠዋት ብርድ የሚታየው ስስ ነጭ እንፋሎት ምንም አይደለም፤ ሞተሩ ሞቆም የማያቆም ወፍራም ነጭ ጭስ ግን ከጓርኒሲዮኑ የሚመጣ ነው።

የትኛውን ሞዴል እንግዛ ለሚሉ፣ ለአንድና ለሁለት ሰው ባለ 1 ሊትር ቪትዝ ይበቃል። የሻንሲ ቁጥሩ በኤስሲፒ10 የሚጀምረው አራት ሲሊንደር ነው፣ በኬኤስፒ90 የሚጀምረው ደግሞ ሦስት፤ ሦስቱ ቆሞ ሲሠራ ትንሽ መንቀጥቀጡ ተፈጥሮው ነው። በዚህ ከፍታ ሞተር ከአምስት አንዱን ያህል ጉልበት ስለሚያጣ ቤተሰብ ጭኖ አቀበት ለሚወጣ 1.3 ይሻላል። የቪትዝ ሞተሮች በካቴና (በብረት ሰንሰለት) ነው የሚሠሩት፤ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚንሿሿ ከሆነ ዘይት በወቅቱ አልተቀየረለትም። እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ ኮሮላ በካቴና ፈንታ ቺንጋ (የላስቲክ ቀበቶ) አለው፤ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ኪሎ ሜትሩን ማን ያምናል? በገዛችሁ ሳምንት ቀይሩት። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በመጣው ኮሮላ ላይ 1ዜድዜድ የሚባለው ሞተር፣ በተለይ ቀደም ብሎ የተሠራው፣ ዘይት በመብላት ይታወቃል፤ መለኪያውን አውጥታችሁ እዩ።

አውቶማቲክ ከሆነ በቀዝቃዛው ዲ ላይ ስታስገቡ ከሁለት ሰከንድ በላይ ዘግይቶ በድንጋጤ የሚይዝ ካምቢዮ ለጥገና ብዙ ያስወጣል። ማኑዋል ከሆነ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አራተኛ አስገብታችሁ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ርገጡ፤ ድምፁ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። «ያልተገጨ» የሚለውን በማግኔት ፈትኑት፤ ስቱኮ ያለበት ላሜራ አይስበውም። የጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2318 ማለት የ2018 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ነው።

ወረቀቱ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም። በውክልና ብቻ መግዛት አደገኛ ነው፤ ወካዩ ከሻረው ወይም ከሞተ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ቁልፉ ነው። ካላችሁ ገንዘብ አንድ አሥረኛውን አትንኩት። ከ3 እስከ 4 ሊትር የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ኩላንት፣ የራዲያተር ክዳን፣ የፍሬን ሸራ በመጀመሪያው ሳምንት ይገባሉ። ከመግዛታችሁም በፊት የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ የራዲያተርና የፊት መብራት ዋጋ ጠይቁ፤ «ከዱባይ ይታዘዛል» የተባለበትን ሞዴል ተዉት።

የማስታወቂያ ገጻችሁም ከሰሌዳው ፊደል ጎን የሻንሲውን ኮድ፣ የሞተሩን መጠንና መሪው የዞረ መሆን አለመሆኑን እንዲጽፍ እንጠይቃለን። ቦታ የሚወስደው አንድ መስመር ነው።

ሁለት የጋራዥ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ