ያደግነውንም አስቡን፦ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ኦቲዝም እንዳለኝ ያወቅኩት አምና ነው፤ አእምሮዬ ድምፅንና ንክኪን የሚቀበልበት፣ ከሰውም ጋር የምግባባበት መንገድ ከልደቴ ጀምሮ ከብዙ ሰው ይለያል ማለት ነው። የእህቴን ልጅ ለማስመርመር አብሬ ሄጄ ነበር። ሐኪሟ ትጠይቃለች። ድምፅ ሲበዛ ጆሮውን ይይዛል? ልብስ ይቆረቁረዋል? እህቴ መልሱን ትታ ዞር ብላ አየችኝ። እናታችን የኔን ቀሚሶች አንገታቸው ላይ የተሰፋችውን ጨርቅ በመቀስ እየቆረጠች ነው ያሳደገችኝ።

በልጅነቴ ለምን ማንም እንዳልጠረጠረ አሁን ገብቶኛል። የሰው ዓይን አላይም ነበር። ይሄ እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው። «እንዴት ያለች ጭምት ልጅ!» ይሉኝ ነበር ጎረቤቶች። ሥራ ስይዝ ጭምትነቴ ኩራት ተባለ። ጫጫታው ከብዶኝ ከለቅሶ ቤት ቶሎ ስወጣ ደግሞ ጨካኝ ተባልኩ። እኔም አምኜ ኖርኩ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ኦቲዝም ያለን ስድስት ጎልማሶች እንገናኛለን። ቡና ይፈላል፣ እጣን ግን አይጨስም። ሲኒው ጓዳ ነው የሚታጠበው፤ ኳኳታው የሚያመው አለ። ሰላምታ ከሩቅ ይበቃል። ዝም ያለ ሰው «ምን ሆነሃል?» አይባልም። አንዱ ስለ ከተማ አውቶቡስ መስመሮች ሰዓት ሙሉ ቢያወራ የሚያቋርጠው የለም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ቤቴ ስገባ አልደከመኝም። ከሰው ጋር ውዬ ሳይደክመኝ ስገባ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር። በር ዘግቼ አለቀስኩ።

የምንገናኘው ግን በአንዳችን እናት ሳሎን ነው። ክፍል ፍለጋ አንድ ቢሮ ሄደን «ኦቲዝም የልጆች አይደል እንዴ?» ተባልን። ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አይደለችም። አገራችን ኦቲዝምን ያወቀችው በልጆች በኩል ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት የራሳቸውን ልጅ ችግር አይተው ነው፤ ውለታቸው አይረሳም። የዚያን ጊዜ ሕፃናት ግን ዛሬ ጎልማሶች ናቸው።

ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 26 ላይ የአቻ ለአቻ ድጋፍን በግልጽ ይጠቅሳል። የኛ ቅዳሜ ማለት ይሄው ነው። በየክፍለ ከተማው፣ በወጣት ማዕከልም ይሁን በወረዳ አዳራሽ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ፍቀዱልን። ትልቅ ሰው የሚመረመርበት ቦታ እንዲታወቅም ከጤና ሚኒስቴር ጋር ተነጋገሩ። እኔን ሐኪሟ ወዴት እንደምትልከኝ ግራ ገብቷት እዚህም እዚያም ስትደዋውል አራት ወር ጠብቄያለሁ። ሌላው ሰው እንዲህ የምትደዋውልለት ሐኪም ላያገኝ ይችላል።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ሰው ላኩና ቅዳሜያችንን ይይ። ቡናው ከ8 ሰዓት ጀምሮ ይቀርባል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ