የዓርቡ የቺቼን ኢትዛ ጉዞ

ካንኩን፣ ሜክሲኮ

ለተወደድሽው እህቴ ለአልማዝ፣ ለጋሽ ታደሰና ለልጆቹ፤

ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ዓርብ ዕለት ከሥራ ስለማልቀር ወደ ቺቼን ኢትዛ፣ ወደ ጥንቱ የማያ ሕዝብ ከተማ ፍርስራሽ፣ የምትሄዱት ያለ እኔ ነው። ስለዚህ እንዳትቸገሩ ሁሉንም እጽፍላችኋለሁ። ቀኑን ወደ እሑድ እንዳታዛውሩት፤ እሑድ ለአገሬው ሰው መግቢያው ነፃ ስለሆነ መቆሚያ አይገኝም።

ሰዓቱን ልብ በሉ። ካንኩን በኪንታና ሮ ግዛት ነው፣ ቺቼን ኢትዛ ግን በዩካታን ግዛት፤ የዩካታን ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ከዚህ ንጋት 12፡30 ብትነሱና 200 ኪሎ ሜትሩን በሁለት ሰዓት ተኩል ብትጨርሱት፣ እዚያ ስትደርሱ ገና 2 ሰዓት ነው፤ በሩ የሚከፈተውም ያኔ ነው። ረፋዱ ላይ የአስጎብኚ አውቶቡሶች ከካንኩን ስለሚደርሱ ያቺ የጠዋት ሰዓት ትልቅ ነገር ናት። ፀሐዩም ብርቱ ነው፤ በፍርስራሹ መካከል ጥላ የለም ማለት ይቻላል። ለሰው ሁለት ሊትር ውኃ፣ ኮፍያና ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ልብስ ያዙ።

መኪና ስትከራዩ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ በኢንተርኔት ያያችሁት ርካሽ ዋጋ ብዙ ጊዜ እሱን አይጨምርም። ነዳጅ የሚቀዳላችሁ ሠራተኛው ነው፤ ከመጀመሩ በፊት ቆጣሪው ዜሮ ላይ መሆኑን ጋሽ ታደሰ ወርዶ ይይ። ስትሄዱ በክፍያው መንገድ ሂዱ። ነፃው መንገድ በየመንደሩ ያልፋል፣ በየመንደሩም ከፍ ያለ የፍጥነት መገደቢያ አለ፤ ሁሉም ቀለም ስላልተቀባ ሳታዩት ትደርሱበትና መኪናው ሆዱን ይመታል። ለክፍያው መንገድ ጥሬ ፔሶ ያዙ፤ በካርድ ብቻ አትተማመኑ።

መግቢያው ላይ የሚከፈለው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ለፌዴራሉ የቅርስ ተቋም፣ ሌላው ለዩካታን ግዛት። አንዱን ብቻ ከፍሎ ተሰልፎ የሚመለስ ብዙ ነው፤ ሁለቱንም ቲኬት ያዙ።

መሐል ላይ ያለው የኩኩልካን ፒራሚድ ከነቤተ መቅደሱ 30 ሜትር ያህል ነው። መውጣት ከተከለከለ ቆይቷል፤ ልጆቹ እዚያ ሲደርሱ እንዳያዝኑ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ይልቅ ይቁጠሩ። በአራቱም ጎን 91 ደረጃ አለው፤ የላይኛዋ ስትጨመር 365 ይሆናል። ማያዎች ዓመቱን እያንዳንዱ 20 ቀን ባለው 18 ወር ይከፍሉት ነበር፤ የሚተርፉት 5 ቀናት እንደ እኛ ጳጉሜ ለብቻቸው ይቆጠራሉ። ግን በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን አይጨምሩም፤ አምስቱንም እንደ ክፉ ቀን ይፈሯቸው ነበር። ከደረጃው ፊት ቆማችሁ ብታጨበጭቡ የሚመለሰው ድምፅ የወፍ ጩኸት ይመስላል፤ ከታችኛው ደረጃ የሚመለሰው ድምፅ ቀድሞ፣ ከላይኛው ደግሞ ዘግይቶ ስለሚደርስ ነው።

የኳስ ሜዳው 168 ሜትር ይረዝማል፤ ግድግዳው ላይ አንገቱ የተቀላ ተጫዋች ደም እባብ ሆኖ ሲፈስ ተቀርጿል፤ ሳታዩት እንዳታልፉ። በሰሜን በኩል ያለው ነጭ መንገድ ወደ ቅዱሱ ሴኖቴ ይወስዳል፤ ሴኖቴ ማለት ውኃ ያለበት ጥልቅ የተፈጥሮ ጉድጓድ ነው። ከውስጡ ወርቅ፣ ጄድ የሚባል አረንጓዴ የከበረ ድንጋይና የሰው አጥንት ወጥቷል። እሱ ይታያል እንጂ አይዋኝበትም። 5 ሰዓት ላይ ውጡ።

ከዚያ ወደ ቫያዶሊድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱ። ከከተማዋ አጠገብ፣ ዲትኑፕ የምትባል መንደር ላይ፣ ሽኬኬንና ሳሙላ የሚባሉ ሁለት ሴኖቴዎች ጎን ለጎን አሉ። ከፍርስራሹ አጠገብ ካለው ከኢክ ኪል እነዚህን እመርጥላችኋለሁ፤ እሱን እኩለ ቀን ላይ አውቶቡሶቹ ይሞሉታል። ሽኬኬን ዋሻ ነው፤ እኩለ ቀን ሲቃረብ በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ቀጥ ብሎ ውኃው ላይ ያርፋል።

የሰሜን ዩካታን መሬት የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡ ይሰርጋል፤ በላይ የሚፈስ ወንዝ የለም። ከአየርና ከአፈር በወሰደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትንሽ አሲድነት ያለው ውኃ ድንጋዩን እያሟሟ ዋሻ ይሠራል፤ ጣሪያው ሲናድ ሴኖቴ ይሆናል። የጥንቶቹ ማያዎች የሚጠጡት ከዚህ ነበር፤ የዛሬዎቹም ከተሞች ውኃቸው ከዚሁ ከርሰ ምድር ነው። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት መታጠብ ግዴታ ነው፤ የፀሐይ ክሬም፣ የትንኝ መከላከያ፣ የፀጉር ቅባትም ቢሆን መልቀቅ አለበት። አልማዝ፣ ጠዋት ፀጉርሽን አትቀቢ፤ የልጆቹንም ተይው። ጠበል እንደምታከብሩ ይህንንም አክብሩልኝ።

ውኃው 25 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከሙቀቱ ወጥታችሁ ስትገቡ ያስደነግጣል፣ ቀስ ብላችሁ ግቡ። ጨው ስለሌለው እንደ ባሕር አያንሳፍፍም፤ ብዙ ቦታም ከዳር ጀምሮ ጥልቅ ነው። ጎበዝ ዋናተኛ ብትሆኑም የሕይወት ጃኬቱን አታውልቁ። ደረጃው እርጥብና አሙለጭላጭ ስለሆነ የውኃ ጫማ ያዙ። እግራችሁን የሚነካኩት ትናንሽ ዓሦች አይጎዱም።

ምሳ ቫያዶሊድ ብሉ። ጾም ስለሆነ ባቄላ ስታዙ «ሲን ማንቴካ» በሉ፤ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚሠራው። የአገሩ ታዋቂ ምግብ ኮቺኒታ ፒቢልም አሳማ ነው። ለእናንተ የሚሆነው ሲኪል ፓክ ነው፤ የተቆላና የተፈጨ ዱባ ፍሬ ከቲማቲም ጋር፣ ቶርቲያ በሚባለው የበቆሎ ቂጣ ይበላል። አባኔሮ የሚባለውን ቃሪያ ልጆቹ አይንኩት፤ ከእኛ ሚጥሚጣ የባሰ ነው። አስተናጋጇ ማያ ልትሆን ትችላለች፤ ቋንቋቸውን ዛሬም ከ700 ሺህ በላይ ሰው ይናገረዋል። «ዲዮስ ቦኦቲክ» ብላችሁ አመስግኗት፤ ደስ ይላታል።

በዚያ ሰዓት 9 ላይ ከቫያዶሊድ ተነሡ፤ በእኛ 10 ይሆናል፣ ሳይመሽ ትገባላችሁ። ማታ መንገዱ ላይ ከብትና መብራት የሌለው ብስክሌት ስለማይጠፋ አትዘግዩ። የቤቱን ቁልፍ ከጎረቤት አኖርላችኋለሁ።

ወንድማችሁ ዳዊት